ከምረቃው በፊት አይከፈትም

የከተማችንን ስም አልጽፍም። ከጻፍኩት የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ «ስሜን አጠፋች» ብሎ ይከሰኛል፤ እኔ ደግሞ ለፍርድ ቤት የማባክነው ጊዜ የለኝም። ከጂንካ ብዙ እንደማትርቅ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ እንደሚቆምባት፣ ከአሪ ደጋ ኮረሪማና እንሰት፣ ከበና ቆላ ማሽላና ፍየል እንደሚወርድባት ካወቃችሁ ይበቃል። እኔ ብዙወርቅ እባላለሁ። ኮረሪማና ቅቤ እሸጣለሁ። አፍሽ ይፈጥናል ይሉኛል። የሌላው ሰው አፍ ስለሚዘገይ ነው የእኔ የፈጠነ የሚመስለው።

ነገሩ የሽንት ቤት ነገር ነው። የሚያፍር ካለ ከዚህ ይመለስ፤ እኛ አፍረን ጨርሰናል።

በገበያችን ወንድ ችግር የለበትም። ወደ ግንቡ ዞር ይላል፣ ይጨርሳል፣ ተመልሶ ዋጋ ይከራከራል። ሴቷ ግን ከማለዳ እስከ ምሽት እንደተቀመጠች ነው። ያላት ነገር ከገበያው ጀርባ ያለው ሸለቆ ብቻ ነበር፤ እሱንም ጫት የሚቅሙ ጎረምሶች ወርሰውታል። ስለዚህ ዘዴያችን ውሃ አለመጠጣት ነበር። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ አቧራ፣ ከንፈራችን እየተሰነጠቀ ጀሪካኑን እያየን እንውል ነበር።

አለምነሽ በዚህ ዘዴ ታመመች። አለምነሽ ከጎፋ የመጣች ናት፤ ከእኔ ቀጥሎ ባለው መደብ ሙዝና ጎደሬ ትሸጣለች፤ እሑድ እሑድ ቤተክርስቲያኗ ውስጥ ስትዘምር ድምጿ እኛ ሰፈር ድረስ ይሰማል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሷ ጴንጤ፤ በዚህ ስንሟገት የኖርን ጓደኛሞች ነን። ኩላሊቷን ታማ ጂንካ ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ «ውሃ በብዛት ጠጪ» አላት። «ጠጥቼስ የት ልሂድ?» ብላ ጠየቀችው። ለእሱ መድኃኒት አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ነው ማዘጋጃ ቤቱ የሰበሰበን። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት በሕዝብ ተሳትፎ ይሠራል ተባለ። አጨበጨብን፣ አዋጣን። እንደገና አዋጡ ተባልን፣ እንደገና አዋጣን። ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ከአቅማችን በላይ ነበር፤ ፍየሏን ሸጣ የሰጠች አለች። ከዚያ በገበያው ዳር ያለው ቦታ በቆርቆሮ ታጠረ። ከውስጥ መዶሻ ሲመታ፣ ሲሚንቶ ሲቦካ እንሰማለን። ወራት አለፉና አረንጓዴ ጣሪያ ከቆርቆሮው በላይ ብቅ አለ። አለምነሽ ቀና ብላ ባየችው ቁጥር «ተመስገን ጌታዬ» ትል ነበር።

አንድ ቀን ግን ተመስገን ማለቷን ትታ ዓይኗን ከጣሪያው ወደ አጥሩ ግርጌ አወረደች።

«ብዙዬ፣ አፈሩስ?» አለችኝ።

«የምን አፈር?»

«የጉድጓዱ አፈር ነዋ! የት ደፉት?»

ኮረሪማዬን መልቀም አቆምኩ። በእኛ አገር ሰው ሽንት ቤት ሲያስቆፍር ደጁ ላይ ኮረብታ ይከመራል። ልጅ ይንከባለልበታል፣ ጎረቤት ለግቢዬ መደልደያ ስጡኝ ብሎ ይለምናል። ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ጋሪ አፈር ሲወጣ ያየ ሰው አልነበረም። ዙሪያውን ጠየቅን። ከጠዋት እስከ ማታ ፊት ለፊቱ ጨው የምትሸጠው ሴት እንኳ አላየችም፤ እሷ ያላየችው ነገር ደግሞ በከተማችን ውስጥ አልተደረገም ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድን። አቶ ሸዋንግዛው ልበለውና፣ ክፉ ሰው አይመስልም፤ ችግሩም እሱ ነው። ሲያናግርሽ እጅሽን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ስለ ልጆችሽ ይጠይቃል፣ በመጨረሻ የመጣሽበትን ጉዳይ እንደያዝሽ ትወጫለሽ።

«እህቶቼ፣ ግንባታው ፊኒሺንግ ላይ ነው» አለን። «ለሴፍቲ ሲባል ማንም አይገባም። ከምረቃው በፊት አይከፈትም።»

«ለማየት ብቻ ነው» አልኩት።

«ከምረቃው በፊት አይከፈትም።»

አለምነሽ «ጉድጓዱ ተቆፍሯል ወይ?» ብላ ፊት ለፊት ጠየቀችው።

ከልቡ ሳቀ። «እናንተ ሴቶች! ሽንት ቤት ያለ ጉድጓድ ይሠራል እንዴ?»

«እኛም እሱን ነው የምንጠይቅዎት» አልኩት።

ሳቁን አቆመ፤ ስለ ልጆቻችንም መጠየቅ ተወ።

ወረዳ ሄድን። ወረዳው «የማዘጋጃ ቤቱ ጉዳይ ነው» አለን። ማዘጋጃ ቤቱ «ወረዳው ይዞታል» አለን። በመሃል እንደ ጨርቅ ኳስ ወዲህና ወዲያ ስንለጋ ከረምን። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘን «እናንተ የሽንት ቤቶቹ፣ ዛሬስ የት ናችሁ?» እያለ ይስቅብን ጀመር። ይሳቅ። የሳቀብን ሁሉ ሚስቱ ውሃ ሳትጠጣ ነው የምትውለው።

ከዚያ ጣጣው ወደ እኔ ዞረ። አንድ ጠዋት የደንብ ማስከበር ልጆች መጥተው መደቤን በሜትር ለኩና በቀይ ቀለም ኤክስ ቀቡበት። መንገድ ላይ ነው፣ ይነሳል አሉኝ። ያ መደብ የእናቴ ነበር፤ እኔ በነጠላ ታዝዬ እዚያው ነው ያደግኩት። መንገዱ ወደ እኔ መጣ እንጂ እኔ ወደ መንገዱ አልሄድኩም አልኳቸው። የሰማኝ የለም።

መደብ ማለት ለሌላው ሰው አራት እንጨትና አንድ ሸራ ነው። ለእኔ ግን ሰምሃል ናት። ልጄ ሰምሃል ጂንካ ተከራይታ ነርስነት ትማራለች። የቤት ኪራይዋ፣ ምግቧ፣ ነጭ ጋውኗ ሳይቀር ከዚያ መደብ ነው የሚወጣው። መደቡ ከሄደ ትምህርቷ ይሄዳል። ሌላ የማውቀው መንገድ የለኝም።

በማግስቱ አቶ ሸዋንግዛው ራሱ መጣ። ኮረሪማ ገዛ፤ ዋጋ አልተከራከረም። የማይከራከር ገዢ ያስፈራኛል።

«ብዙወርቅ፣ ለምረቃው ከዞን እንግዶች ይመጣሉ» አለኝ። «የገበያ ሴቶችን ወክለሽ ምስጋና ታቀርቢያለሽ። አንቺ እኮ ንግግር ትችያለሽ።»

«መደቤስ?»

ቀዩን ኤክስ ገና አሁን ያየው ይመስል አተኩሮ ተመለከተው። «ይሄ የቴክኒክ ስህተት ሊሆን ይችላል። ከምረቃው በኋላ እናየዋለን።»

ገባኝ። ያልገባኝ እንዳይመስላችሁ። አመስግኚና ተቀመጪ፣ ካላመሰገንሽ ተነሺ ማለቱ ነው። እኔም «አስብበታለሁ» አልኩት። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ዝም ብዬ ላሳልፈው አሰብኩ።

እሱ ግን አስብበታለሁን እሺ አድርጎ ወሰደው። በማግስቱ የሰፈራችን ልጅ የአሌክስ ባጃጅ ሞንታርቦ ተጭኖባት ከተማውን ስትዞር ዋለች። «በአገር ሽማግሌው በጋሽ አንጁሎ ምርቃት፣ በገበያ ሴቶች ተወካይ በወይዘሮ ብዙወርቅ የምስጋና ንግግር» እያለች ስሜን በየጉራንጉሩ በተነችው።

አለምነሽ ሰማች። ሙዟን መደርደር አልተወችም፤ ቀናም ብላ አላየችኝም።

«ኩላሊቴንም አብረሽ አመስግኝልኝ» አለችኝ።

«አለምዬ፣ ሰምሃል አለች እኮ! ምን ላድርግ?»

«ሰምሃልን ስትወልጂ ያዋለድኩሽ እኔ ነኝ፤ ለእኔ አትንገሪኝ። እኔም ልጆች አሉኝ። ነገ ልጅሽ ነርስ ሆና ባዶ መርፌ ወግታ መድኃኒት ሰጠሁ ብላ ብትፈርም ምን ብለሽ ትቆጫታለሽ?»

እኔ፣ አፌ ይፈጥናል የምባለው፣ ጎንብሼ ኮረሪማዬን መልቀም ያዝኩ። ያን ቀን በቅርብ ተቀምጠን ጀርባ ተሰጣጥተን ዋልን፤ በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ገበያ አላየሁም።

እሑድ ከሰዓት ጋሽ አንጁሎ ዘንድ ወጣሁ። ጋሽ አንጁሎ የአሪ ሽማግሌ ናቸው፤ ከከተማው በላይ ባለው ተዳፋት እንሰት መሃል ይኖራሉ። በአካባቢያችን እሳቸው ያልመረቁት ጋብቻ የለም። ማዘጋጃ ቤቱም ያውቅባቸዋል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የባህል ልብስ አልብሶ ያቆማቸዋል፣ ይመርቃሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ አንድ ለስላሳ ጠጥተው በእግራቸው ዳገታቸውን ይመለሳሉ። ቅር ሲላቸው አይቼ አላውቅም። እሳቸው እምቢ ካሉ ምረቃው ይፈርሳል፣ ምረቃው ከፈረሰ እኔም ሳላመሰግንም ሳልጣላም እተርፋለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ሸክሜን ለሽማግሌ ላሸክም ነበር።

«ጋሽዬ፣ እባክዎን አይመርቁላቸው» አልኳቸው። «ጉድጓድ የለውም።»

«አንቺ ገብተሽ አይተሻል?»

«ማን ያስገባናል!»

«እኔም አላየም» አሉ። አማርኛቸው የራሳቸው ነው፤ የሚሉት ግን ጠፍቶኝ አያውቅም። «ምርቃት የለመነ ሰው አይባረርም። ያላየውን ደግሞ አልረግምም። ቤት ነው አይደለም?»

«ቤት ነው ይላሉ።»

«ቤት ከሆነ፣ ቤት እንደሚመረቀው ነው የምመርቀው።»

ተናድጄ ተነሣሁ። ያቀረቡልኝን ማር እንኳ አልቀመስኩም። ሽማግሌውም እንደኔው ከጣጣ መራቃቸው ነው እያልኩ ቁልቁለቱን ለብቻዬ እየተነጫነጭኩ ወረድኩ።

ማክሰኞ ደረሰ። ገበያው ሞልቷል። ቆርቆሮው ተነሥቶ ሕንጻው ወጥቷል፤ እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ፊቱ ሴራሚክ፣ ሁለት አረንጓዴ በር፣ በአንዱ ላይ «ወንድ» በሌላው ላይ «ሴት» ተብሎ ተጽፏል፣ በሁለቱ ፊት ቀይ ሪባን ተወጥሯል። ድንኳን ተተክሎ ለእንግዶች ወንበር ተደርድሯል፤ ባለቤቶቹ ቆመናል። ከጂንካ የመጡት የዞን ኃላፊ ሴት ናቸው። አቧራውን ከልብሳቸው እያራገፉ የአቶ ሸዋንግዛውን ንግግር ሰሙ። ንግግሩ ረጅም ነው፤ ሞዴል የሚል ቃል ይበዛበታል። ከዚያ መቀስ በትራስ ላይ ቀረበ፣ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። በሮቹ ግን እንደተዘጉ ናቸው። ጭብጨባው ሲያልቅ ማንም አልከፈታቸውም።

«አሁን አባታችን ጋሽ አንጁሎ ይመርቁልናል» አለ መድረክ መሪው።

ጋሽ አንጁሎ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ። የተዘረጋላቸውን ማይክ አልፈውት ሄዱ። በቀጥታ «ሴት» ወደሚለው በር ሄደው በመዳፋቸው ገፉት። አልተከፈተም።

«ክፈት» አሉ።

አቶ ሸዋንግዛው ፈጠን ብሎ ደረሰ። «ጋሽ አንጁሎ፣ እዚሁ ይመርቁልን፤ ማይክ አለ።»

«እኔ ቤት ደጅ ቆሞ አይመርቅም» አሉት ሳይቆጡ። «ውስጥ ገብቶ፣ መሬቱን ረግጦ፣ ግድግዳውን ይዞ ነው የሚመረቀው። ደጅ የተመረቀ ደጅ ይቀራል።»

ያኔ እሑድ የነገሩኝ ነገር ገባኝ። የገዛ ቤቴን ሲመርቁልኝ ምሰሶውን ይዘው አልነበር? የአለምነሽንስ? በየሰው ቤት ጎንበስ ብለው ገብተው ነው የሚመርቁት፤ ሁላችንም ስናውቀው የኖርነው ነገር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ግን እስከዚያ ቀን ያስመረቃቸው ጥርጊያ መንገድ፣ የገበያ መግቢያና የመብራት ምሰሶ ነው። በር ያለው ነገር አስመርቋቸው አያውቅም። ፕሮግራሙን ሲያወጡ አንዳቸውም ትዝ አላላቸውም፤ ሽማግሌው ለእነሱ የፎቶ ጌጥ ነበሩና።

«ቀለሙ አልደረቀም» አለ አቶ ሸዋንግዛው።

ጋሽ አንጁሎ በሩን በጣታቸው ዳሰሱና ጣታቸውን ለሕዝቡ አሳዩ። ንጹህ ነው። ሰው ጉርምርም አለ።

«ቁልፉ ኢንጂነሩ ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ጂንካ ሄዷል።»

«እሺ፣ እንጠብቃለን» አሉና ጋሽ አንጁሎ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ፣ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ራስህ በክብር የጠራኸውን ሽማግሌ በእንግዳ ፊት ጎትተህ አታስነሣም። አቶ ሸዋንግዛው ቢችል መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። ለመድረክ መሪው በዓይኑ ጠቀሰው።

«ቀጥሎ የገበያ ሴቶች ተወካይ ወይዘሮ ብዙወርቅ ምስጋና ያቀርባሉ!»

እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። ማይኩን ተቀበልኩ። ከቆምኩበት መደቤ ይታየኛል፤ ቀዩ ኤክስም ይታየኛል። ሰምሃል ትዝ አለችኝ፣ ጋውኗን ለብሳ የተነሣችው ፎቶ። ፈራሁ። ጀግና ነበርኩ የምላችሁ እንዳይመስላችሁ። አለምነሽ ከሕዝቡ መሃል መሬት መሬት ታያለች፤ የምለውን ላለማየት ነው። በሩ ሥር ደግሞ ሽማግሌው ጥላ በሌለበት ቁጭ ብለዋል። ሸክሜን ላሸክማቸው ሄጄ ነበር፤ የራሳቸውን ድርሻ ተሸክመዋል። የቀረው የእኔ ነው። ከፍርሃቴ በላይ ንዴቴ መጣ።

«አመስግኚ ተብዬ ነው የቆምኩት» አልኩ። ድምፄ በሞንታርቦው ገበያውን አልፎ ሄደ። «አመሰግናለሁ፣ ለምን አላመሰግንም? ግን ሰው ወጡን ሳይቀምስ እጅሽ ይባረክ አይልም። ከጠዋት ጀምሮ ሽንቴን ይዤ ነው ያለሁት። ይከፈትልኝ፣ ልጠቀምበት፣ ስወጣ አመሰግናለሁ።»

ሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅኩም። ማይኩን ወንበር ላይ አስቀምጬ «ሴት» የሚለው በር ፊት፣ ከጋሽ አንጁሎ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ለተወሰነ ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ። ያ ጊዜ እንዴት ይረዝማል! ከዚያ ነጠላ ሲንሿሿ ሰማሁ፤ አለምነሽ ከኋላዬ ቆማ ትከሻዬን ያዘችኝ። ከእሷ ኋላ ጨው ሻጯ፣ ከእሷ ኋላ ቅል ቅቤ የያዙ የበና ሴቶች፣ ከእነሱ ኋላ የማላውቃቸው። ሰልፉ ድንኳኑን ዞሮ ገበያው ውስጥ ገባ። አንዲትም አልጮኸችም። ሽንት ለመሽናት ወረፋ መያዝን የሚከለክል ሕግ ገና አልወጣም።

የዞኗ ኃላፊ ብድግ አሉ። «ቁልፉ ይምጣ» አሉ። «ለተዘጋ በር ነው እንዴ ሪባን ያስቆረጣችሁኝ?»

«ክብርት ኃላፊ፣ ኢንጂነሩ…»

«ቁልፉማ እኔ ጋ ነው» የሚል ድምፅ መጣ። ሻንቆ ነው፣ የግንባታው ዘበኛ። ወራት ሙሉ ስንጠይቀው እንደ ድንጋይ ዝም ያለን ሰው። አቶ ሸዋንግዛውን አየ፣ ጋሽ አንጁሎን አየ፣ ቁልፉን ከአንገቱ አወጣ። «እኔ የታዘዝኩት ከምረቃው በፊት እንዳልከፍት ነው። ሪባኑ ተቆርጧል» አለና ከፈተ።

ጋሽ አንጁሎ ጎንበስ ብለው ገቡ። እኔና አለምነሽ ተከተልን፣ ኃላፊዋም ከኋላችን። ግድግዳው ነጭ ነው። መቀመጫዎቹ ነጭ ናቸው፣ ተደርድረዋል፣ ያበራሉ። ጋሽ አንጁሎ የመጀመሪያውን በዘንጋቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት። መቀመጫው እንደ በርጩማ ተንሸራተተ። ከሥሩ ሲሚንቶ ነው፤ ልሙጥ፣ ደረቅ፣ ምንም ቀዳዳ የሌለው ሲሚንቶ። ሁለተኛውን ገፉት፣ እሱም ያው ነው።

አለምነሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ያንን የታመመ ጎኗን ይዛ፣ ቆማ ቀረች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። «በሽታዬን ሴራሚክ አልብሰውታል» አለች እንጂ አላለቀሰችም።

ጋሽ አንጁሎ ወጡ። ሕዝቡ ይጠብቃል፤ ቢመርቁ አሜን ለማለት ነው።

«ይሄ ቤት አይደለም» አሉ። «ግድግዳ ነው። እኔ ግድግዳ አይመርቅም።» ለስላሳቸውን ሳይጠጡ ዳገታቸውን ያዙ።

የተቀሩትም ለስላሳዎች ሳይከፈቱ ቀሩ። ኃላፊዋ «ይጣራል» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ስልክ ያለው ሁሉ ቀርጾ ነበር፤ በዚያው ቀን ጂንካ ደርሶ ሰምሃል ሳትቀር አይታው ደወለችልኝ። «እማ፣ ምን አድርገሽ ነው!» አለችኝ፤ እየሳቀች ይሁን እየፈራች አልለየሁትም። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲያቅፈኝ ሰነበተ። እኔም ሞኝ፣ አለቀ ብዬ ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ቅቤዬን ተሸክሜ ስመጣ መደቤ የለም። እንጨቱ ተነቅሏል፣ ሸራው ተወስዷል፣ ቦታው ተጠርጓል። ቀይ ኤክሱ የተቀባበት ጣውላ ብቻ ተሰብሮ ዳር ላይ ወድቋል። አለቀስኩ። የንዴት ነው እንጂ የሐዘን አይደለም ብል እዋሻለሁ፤ የሁለቱም ነው። የእናቴን ቦታ ነው ያጣሁት፤ የልጄን ጓዳ ነው ያፈረሱት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ ብዬ ራሴን ረገምኩ።

አልቅሼ ስጨርስ ጆንያዬን እዚያው ባዶው መሬት ላይ አነጠፍኩና ኮረሪማዬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ብዙም ሳይቆዩ የደንብ ማስከበር ልጆች መጡ። «ተነሺ» አሉኝ። «መደብ የሌለው ሰው እዚህ መሸጥ አይችልም።»

«መደቤን ያፈረሳችሁት እናንተ!»

«እሱን ቢሮ ጠይቂ። አሁን መደብ የለሽም፣ ተነሺ።»

አንደኛው የጆንያዬን ጫፍ ያዘ። እኔም ያዝኩ። ስንጓተት ከጎኔ እንጨት ሲሰበር ሰማሁና ዞር አልኩ። አለምነሽ ናት። የገዛ መደቧን ታፈርሳለች። ሙዟን አውርዳ መሬት ላይ ዘርግታዋለች፤ ሸራዋን ጠቅልላ ምሰሶውን በሁለት እጇ እየወዘወዘች ነቀለችው። ለዚያ ቦታ ስንት ዓመት ደጅ እንደጠናች አውቃለሁ።

«አለም፣ ምን ሆነሻል!» ብዬ ጮኽኩ።

ከጎኔ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «እኔም መደብ የለኝም» አለች ለልጆቹ። «አስነሡኝ።»

ጨው ሻጯ ብድግ አለች። ያቺ ሁሉን የምታማ፣ ለማንም ደግ ያልሆነች ጨው ሻጭ። ሸራዋን ገፈፈች። ቀጥሎ በርበሬ የምትሸጠው፣ ቀጥሎ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎቹ። እንጨት ይወድቃል፣ ላስቲክ ይጠቀለላል። የኛ ረድፍ ሲያልቅ የወዲያኛው ረድፍ ጀመረ። በመጨረሻ ገበያው ውስጥ አንድም የቆመ መደብ አልነበረም፤ ሁላችንም ፀሐይ ላይ፣ መሬት ላይ ነን። ልጆቹ ማንን እንደሚያስነሡ ጠፋቸው። ጆንያዬን የያዘው ልጅ ለቀቀውና ስልኩን አወጣ።

አቶ ሸዋንግዛው በመኪና መጣ። በእኛ አገር ኃላፊ ሲመጣ ሰው ብድግ ይላል፤ ባትወጂውም ትነሻለሽ፣ እንዲህ ነው ያደግነው። በሩ ሲከፈት እግሬ ሊነሣ ሲል ተሰማኝ። አለምነሽ ጉልበቴን በእጇ ተጫነችው። ዙሪያውን አየሁ። አንድም ሰው አልተነሣም።

በሙዝና በጎመን መሃል መረማመጃ እየፈለገ እኔ ጋ ደረሰ። እጄን በሁለት እጁ ሊይዝ ጎንበስ አለ፤ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ብዙወርቅ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተሳስተናል እንበል። መደብሽ ዛሬውኑ ይሠራል። ነይ ቢሮ እንነጋገር።»

መደቤ። የሰምሃል ኪራይ። ከተነሣሁ በእጄ ነው። ይህንን ሲለኝ ልቤ አልተንቀሳቀሰም ብል ውሸት ነው። ግን ብነሣ እነዚህ ሁሉ ያፈረሱት ለእኔ አራት እንጨት ብቻ ነው ማለት ነው።

«ቢሮማ ተነጋግረን ነበር» አልኩት። «ሥራውን ማን ወሰደው? አልቋል ብሎ ማን ፈርሞ ተረከበ? መቼ ይቆፈራል? ለእኔ ብቻ አይንገሩኝ። ላዋጡት ሁሉ፣ እዚህ ይንገሩ።»

«እዚህ? ገበያ መሃል?»

«ያዋጣነው ገበያ መሃል ነው። ከፈለጉ ይቀመጡ፣ ካልፈለጉ ቆመው ይመልሱ። የሚመልሱት ግን እዚህ ነው።»

ወደ መኪናው ዞረ። ሾፌሩ ፊቱን አዞረ። ወደ ልጆቹ ዞረ፤ እነሱም መሬት ያያሉ፤ የአንደኛው እናት ከበርበሬ ሻጮቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ላቡ በሸሚዙ አንገት ገባ። ከዚያ ሱሪውን ከጉልበቱ ሳብ አድርጎ ጆንያዬ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እንግዲህ ጉዳዩ እንዲህ ነው…» ብሎ ጀመረ።

«ጮክ ይበሉ እንጂ አቶ ሸዋንግዛው» አለች አለምነሽ። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»